በባንክዎ ዕዳ የተያዘውን፣ ለባንክዎ ሠራተኛ የተከራየውን ቤቴን ይመለከታል

ለተከበሩ የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱልኝ እያልኩ፣ ለእርስዎም፣ ለባለቤትዎም፣ ለልጆችዎም፣ በጠረጴዛዎ ላይ ተከምረው መልስ ለሚጠብቁት ማመልከቻዎችም ጭምር ረጅም ዕድሜና የተሟላ ጤና እመኛለሁ። በተለይ የጉልበትዎን ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልሆነልኝም። ባለፈው ዓመት አንድ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቤት በእግርዎ ሲወጡ መሐል ላይ ትንፋሽ አጥሮዎት ግድግዳ ተደግፈው እንደነበር ሰምቻለሁና፣ ከዚያ ወዲህ ተሽሎዎት ከሆነ ደስታዬ ወደር የለውም። የማን ቤት ደረጃ እንደነበር ረስተውት ከሆነም አይጨነቁ፤ ይህን ሁሉ የምጽፈው ላስታውስዎ ነው።

ደብዳቤውን በአደባባይ የማወጣው እርስዎን ለማሳጣት አስቤ እንዳይመስልዎ። ከዚህ በፊት በእጄ ወስጄ ያስገባኋቸው ሁለት ማመልከቻዎች ከብድር ክፍል እስከ ቢሮዎ ባለችው አጭር ኮሪደር ላይ መንገድ ጠፍቷቸው ስለ ቀሩ፣ ሦስተኛው ሰው ሁሉ እያየው ቢሄድ አንዱ መንገደኛ እጁን ይዞ ያደርስልኛል ከሚል ተስፋ ነው። እኔ የመኪና መንዳት አሠልጣኝ ነኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁት ወደ ግድግዳ ከሚነዱ ሰዎች ጎን ተቀምጬ፣ ድምፄን ሳላነሳ፣ እባክዎ ፍሬን ይያዙ እያልኩ ነው። ስለዚህ ትህትናዬ የሥራ ልማድ እንጂ ፍርሃት አለመሆኑን ከወዲሁ እንዲያውቁልኝ እወዳለሁ።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ፤ እርስዎ ግን ከሥር ከመሠረቱ ስለሚያውቁት ይህችን አንቀጽ ቢዘሏት አልቀየምም፣ መዝለል ልማድዎ ነውና። ከስምንት ዓመት በፊት ከባንክዎ ተበድሬ፣ ሊፍት በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ገዛሁ። ካርታው መያዣ ሆኖ በእናንተ ካዝና ተቀመጠ፤ እኔም የወር ክፍያዬን አንዴም ሳላጓድል ስከፍል ኖርኩ። ከዚያ እናቴ ወደቀችና ዳሌዋ ተሰበረ። እናቴ የምትኖረው በከተማው ሌላኛው ጫፍ፣ መሬት ላይ በተሠራች ትንሽ ቤት ውስጥ ሲሆን፣ ከወደቀች ወዲህ የምትንቀሳቀሰው በብረት ድጋፍ ነው፤ ከእኔ በቀር ሌላ ልጅ የላትም። እሷን ሦስተኛ ፎቅ ማውጣት ስለማይቻል እኔ ወደ እሷ ወረድኩ። ባዶ የቀረውን ቤቴን አከራየሁትና ኪራዩን ለባንክዎ ዕዳ ማዋል ጀመርኩ፤ ምክንያቱም በአሠልጣኝ ደመወዝ ብድርም ከፍሎ፣ መድኃኒትም ገዝቶ፣ እናትም ጦሮ መኖር ከቶ አይቻልም።

ባለፈው ወር ታዲያ የእርስዎ ፊርማ ያረፈበት ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ባንኩ «ባደረገው ጥብቅ ማጣራት» በቤቴ ውስጥ «ማንነታቸው ያልታወቀ ግለሰቦች» እንደሚኖሩ ማረጋገጡን፣ ይህም ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ማከራየት በመሆኑ ውሉን መጣሴን ይገልጻል። ምርጫም ሰጥተውኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንደኛው ምርጫ በሠላሳ ቀን ውስጥ ተከራዩን አስወጥቼ ራሴ እንድገባበት ነው። ሁለተኛው ብድሬ ከመኖሪያ ቤት ብድርነት ወደ ንግድ ብድርነት ተዛውሮ በንግድ ወለድ እንድከፍል ነው፤ እሱን ካደረግኩ ደመወዜን ሙሉውን ባስረክብዎ እንኳ አይበቃም። ሁለቱም ካልተመቸኝ ቤቱ በሐራጅ ይሸጣል። እናቴ ከተቀመጠችበት ሆና ምን የሚል ደብዳቤ ነው ብላ ስትጠይቀኝ፣ የሰላምታ ነው አልኳት። ለሰላምታ ማህተም ይመታል ወይ አለችኝ።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ፤ የእርስዎ ባንክ ቁጥር ይወዳል ብዬ ቁጥር ሰጥቻቸዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ፈቃዱ። ውሉ ላይ ቤቱን ለማከራየት የባንኩ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል የሚል አንቀጽ እንዳለ አውቃለሁ። ማወቅ ብቻ ሳይሆን አንቀጹ ልክ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ገንዘቡን ያበደረ ሰው በመያዣው ውስጥ ማን እንደሚኖር ማወቅ ይገባዋል። ስለዚህም አንድም ተከራይ በሩን ሳያንኳኳ በፊት ወደ ብድር ክፍልዎ መጣሁ። የፈቃድ መጠየቂያ ቅጽ አለ፣ ግን ሲስተም የለም ተባልኩ። በሌላ ቀን ስመለስ ሲስተሙ መጥቶ ቅጹ ጠፍቶ ነበር። በመጨረሻ በገዛ እጄ ማመልከቻ ጽፌ አስገባሁ፤ ተቀብለው ቅጂው ላይ ማህተም መቱልኝ። ወራት አለፉ። ሁለተኛ ጻፍኩ፣ እሱንም ተቀበሉኝ። እግሬ እስኪቀጥን ተመላለስኩ። አንድ ቀን የብድር ክፍሏ ሠራተኛ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ እትዬ ለምን ይለፋሉ፣ ባንኩ ዝም ካለ ተስማማ ማለት ነው፣ እኛ ጋ የሚጻፈው እምቢ ሲባል ብቻ ነው አለችኝ። ልጅቷን አልወቅስም፤ የመሥሪያ ቤቱን ልማድ ነው በቅንነት የነገረችኝ፣ ከጎኗ ያሉትም ሁሉ ራሳቸውን ነቅንቀው አረጋግጠውላታል። እኔ ሞኟም አምኜ ሄድኩ። በዚህ ልማድ ከሄድን ታዲያ ለማስጠንቀቂያዎ ዝም ብል ተስማማች ሊባልብኝ ነውና፣ ይኸው እጄ እስኪዝል እየጻፍኩ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ማንነቱ ያልታወቀው ግለሰብ። ክቡር ሆይ፣ ተከራዬ የእርስዎ ቅርንጫፍ ሒሳብ ተቆጣጣሪ ነው። ከሌላ ከተማ ተዛውሮ ወደ እርስዎ የመጣው፣ ጠረጴዛው ከቢሮዎ በር ፊት ለፊት ያለው፣ ጠዋት ጠዋት ተነሥቶ እጅ የሚነሣዎ ያ ቀጭን ሰው። ስም መጥራት አያስፈልገኝም፤ እኔ በቤታችን «ጨዋው» እያልኩ ነው የምጠራው። ግድግዳ ላይ አንዲት ምስማር ለመምታት እንኳ ስልክ ደውሎ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ነው። ፈቃድ መጠየቅ ምን እንደሆነ የሚያውቅ፣ ሲጠየቅም መልስ ይሰጣል ብሎ የሚያምን እንዲህ ያለ ፍጡር በባንክዎ ውስጥ እንዴት ሊበቅል እንደቻለ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ጨዋው ከባንክዎ የቤት አበል ያገኛል፤ አበሉን ለማግኘትም የኪራይ ውል ማቅረብ ነበረበት። የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊዋ ወይዘሮ፣ ጥንቃቄያቸው ይባረክና፣ ኪራዩ በፊደል አልተጻፈም ብለው ውሉን መለሱት። በፊደል ጽፈን ወሰድን፤ የአከራይዋ ፊርማ መታወቂያዋ ላይ ካለው ጋር አይመሳሰልም ብለው መለሱት። ራሴ መጥቼ ፊታቸው ፈረምኩ፤ አሁን ደግሞ ቤቱ የእርስዎ ለመሆኑ ካርታ ያምጡ አሉኝ። ካርታውማ እናንተው ካዝና ውስጥ ነው ብላቸው፣ እንግዲያው ወደ ላይ ወጥተው ያስገልብጡ አሉ። ወጣሁ። ብድር ክፍልዎ ካርታዬን ከካዝና አውጥቶ፣ ፎቶ ኮፒ አንሥቶ፣ «ዋናው በእኛ ዘንድ ይገኛል፤ ለሠራተኛ የቤት ኪራይ አበል ጉዳይ የተሰጠ» ብሎ ጽፎ ማህተም መትቶ ሰጠኝ። በዚያው ደረጃ ወርጄ ለወይዘሮዋ አስረከብኩ። ልብ ይበሉልኝ፤ የላይኛው ፎቅ ለታችኛው ፎቅ ቤቱ መከራየቱን በጽሑፍ አረጋገጠ፣ መልእክቱን ተሸክሜ ያደረስኩት ደግሞ እኔ ነኝ። የተላላኪነት ክፍያዬን እስካሁን አልጠየቅኩም። እንግዲህ በየወሩ ባንክዎ ለጨዋው አበል ይሰጣል፣ ጨዋው ጨምሮበት ለእኔ ይከፍላል፣ እኔ ለባንክዎ አስገባለሁ። ገንዘቡ ከቤትዎ ወጥቶ ዞሮ ዞሮ ቤትዎ ነው የሚገባው፤ በመሐል የሚያልፍበትን ሰው ብቻ ነው የማታውቁት።

ሦስተኛ፣ ስለ ጥብቁ ማጣራት። ለማጣራት የመጣው የባንክዎ መሐንዲስ ነበር። በሩን አንኳኳ፣ ጨዋው ከፈተለት። ሁለቱ ሰዎች በየቀኑ ምሳ የሚበሉት አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው። ተሳሳቁ፣ የቤተሰብ ጤና ተጠያየቁ፣ የጨዋው ሚስት ሻይ አቀረበችለት፣ እሱም ሕፃኗን አቅፎ እንዴት አደገች አለ። ከዚያ መስኮቶቹን ለካና ቢሮው ተመልሶ «ማንነታቸው ያልታወቀ ግለሰቦች» ብሎ ጻፈ። ደሜ ፈልቶ ስልክ ስደውልለት፣ ድምፁ ኮስሶ፣ እህቴ ምን ላድርግ፣ ቅጹ ላይ ያሉት ሁለት ሳጥኖች ብቻ ናቸው፣ አንዱ ባለቤት ይላል፣ አንዱ ማንነቱ ያልታወቀ ይላል፣ ባለቤት ብዬ ምልክት ባደርግ ውሸት ይሆንብኛል አለኝ። መዋሸት የማይወድ ሰው ስለሆነ፣ ሻዩን ያፈላችለትን ሴት የማያውቃት አደረጋት። ለእውነት ይህን ያህል የሚጨነቅ መሥሪያ ቤት ስለሚመሩ እንኳን ደስ ያለዎት።

አራተኛ፣ ስለ ኢንሹራንሱ። ብድሩን ስወስድ ቤቱን እናንተ በመረጣችሁት ኢንሹራንስ እንዳስገባ ግዴታ ነበረብኝ፤ ዓረቦኑን በየዓመቱ ሳትጠይቁኝ ከሒሳቤ ትቆርጣላችሁ፤ በዚህ በኩል ሲስተም ጠፍቶ አያውቅም። ላከራይ ስል፣ ባለቤቱ የሚኖርበት ቤትና ተከራይ ያለበት ቤት የኢንሹራንስ ውላቸው እንደሚለያይ አውቅ ነበርና ይቀየርልኝ ብዬ ጠየቅኩ። ፈቃዱ ሲመጣ ነው የሚቀየረው አሉኝ። ባለፈው ክረምት ከቤቴ በላይ ያለው ቤት ቧንቧ ፈንድቶ የመኝታ ቤቱ ኮርኒስ ረግፎ ወረደ፤ ደግነቱ ሕፃኗ በዚያች ሰዓት እናቷ እቅፍ ውስጥ ነበረች። ኢንሹራንሱ ሰውየውን ላከ፤ ሰውየውም ዙሪያውን አይቶ፣ የዋስትናው ውል ባለቤቱ ለሚኖርበት ቤት ነው፣ ተከራይ ካለ አንከፍልም ብሎ ሄደ። እንግዲህ የባንክዎ ዝምታ ብድር ክፍል ውስጥ እሺ ማለት ነው፣ ኢንሹራንሱ ጋ ሲደርስ ግን እምቢ ሆኖ ይገኛል። እኔ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ያከራዩትን ቤት ጣራ መጠገን የአከራይ ግዴታ ነውና፣ ግንበኛና ቀለም ቀቢ ይዤ ሄጄ ከእናቴ መድኃኒት ላይ ቀንሼ አሠራሁት። ኢንሹራንሱ የማይሸፍነውን ቤት ዓረቦን በዚያው ወር እንደተለመደው ቆረጣችሁ።

አምስተኛው ቅሬታ ሳይሆን ምስጋና ነው። የኪራይ ገቢዬን ለግብር መሥሪያ ቤት አስመዝግቤ ግብሬን በወቅቱ እከፍላለሁ። እዚያ ያሉት ሰዎች ቤቱ መከራየቱን ያውቃሉ፣ ማን እንደተከራየውም ያውቃሉ፣ ስሄድ ተከራይሽ ደህና ነው ወይ ይሉኛል። የሕንፃው ጥበቃ ያውቃል። ቆሻሻ የሚወስዱት ያውቃሉ። የማይከፍለው ኢንሹራንስ እንኳ በደንብ አድርጎ ያውቃል። በዚህ ከተማ ይህን ጉዳይ ለማወቅ ጥብቅ ማጣራት ያስፈለገው ካርታውን የያዘው ባንክ ብቻ ስለሆነ፣ ልዩ መሆናችሁን አደንቃለሁ።

ስድስተኛ፣ ስለ እርስዎ ስለ ራስዎ። እዚህ ላይ ትህትናዬን አጥብቄ መያዝ አለብኝ። ጨዋው ልጅ በወለደ ጊዜ የሥራ ባልደረቦቹ ተሰባስበው አራሷን ሊጠይቁ ሲሄዱ፣ ከፊት ሆነው የመሩት እርስዎ ነበሩ። በመግቢያዬ ያነሳሁት ደረጃ የእኔ ቤት ደረጃ ነው። ወጥተው፣ ተቀምጠው፣ እፎይ ብለው፣ በመስኮቱ የሚገባውን ብርሃን አደነቁ። ይህን የመሰለ ቤት የማን ነው ብለው ጠየቁ። ጨዋውም፣ አንዲት የመንዳት አሠልጣኝ ከእኛው ባንክ ተበድራ የገዛችው ነው፣ አሁን እናቷን ለመጦር ወደ እናቷ ቤት ስለሄደች ነው ያከራየችኝ ብሎ አስረዳዎ። እርስዎም ጎበዝ ሴት ናት፣ ባንካችን የሚኮራው እንዲህ ባሉ ደንበኞች ነው አሉ። አራሷ ያኔውኑ ደውላ ነገረችኝ። ደስ ብሎኝ ለእናቴ ነገርኳት፤ እናቴም ለጎረቤቶቿ ሁሉ ነገረች። ታዲያ በእኔ ቤት ተቀምጠው፣ ስለ እኔ ሰምተው፣ እኔን አመስግነው የወጡት ሰው፣ ዘንድሮ ብዕር አንሥተው በዚያ ቤት ማን እንደሚኖር አናውቅም ብለው ፈረሙ። ይህ ዓይን ያወጣ ውሸት ነው። ተናድጃለሁ። ለእርስዎም አፍሬልዎታለሁ፤ ቢያንስ አንድ ሰው ማፈር ስላለበት።

ከዚህ በላይ ቁጥር መስጠቱን ትቼዋለሁ፤ የሚቀጥለው ነገር ቁጥር የሚገባው አይደለም።

ራሷ ትግባበት ብለው ጽፈዋል። ማስጠንቀቂያዎ በደረሰኝ በሳምንቱ ከሥራ ስመለስ እናቴ በወንበሯ ላይ የለችም። ደንግጬ ወደ ጓሮ ስሮጥ፣ በረንዳችን ላይ ባለችው አንዲት ደረጃ ፊት ለፊት ቆማለች፤ በአንድ እጇ የበሩን መቃን፣ በሌላው የጎረቤታችንን ሴት ትከሻ ይዛለች፤ አንዱን እግሯን አንሥታ ደረጃዋ ላይ አሳርፋ ሌላውን መሳብ አቅቷት ላብ በላብ ሆናለች። ደብዳቤውን ከቦርሳዬ አውጥታ፣ ጎረቤቷን አስነብባ፣ ለካ ነገሩን ሁሉ ሰምታለች። ምን እያደረግሽ ነው ብዬ ስጮህባት፣ በቀን በቀን ትንሽ ትንሽ ብለማመድ ሠላሳ ቀን ይበቃኛል፣ በእኔ ምክንያት ቤት አታጪም ልጄ አለችኝ። አቅፌ አስቀመጥኳት። ሌሊቱን ሙሉ እግሯን እያመማት አደረች፤ በማግስቱ ሐኪሙ ሁለተኛ እንዲህ ብትሞክር ጨርሶ ትተኛለች ብሎ ተቆጣኝ። ሐኪም ቤቱ በር ላይ፣ ማሠልጠኛው መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ እየነዳች ያደረሰችን አንዲት ተማሪዬ ፈተና እንደወደቀች ሰው አድርጋ አጽናናችኝ።

ያ ቤት የእኔ ጌጥ አይደለም። እናቴ በመጨረሻ ዘመኗ ልጄ ጣራ አላት ብላ እንድታርፍ የምትይዘው ነገር ነው፤ እኔም እሷ ካለፈች በኋላ የምገባበት ሌላ ቦታ የለኝም። ይህን ነው በሐራጅ እሸጠዋለሁ ያሉኝ። ጨዋውን ደግሞ በሠላሳ ቀን ላስወጣው ብል፣ ከእሱ ጋር የፈረምኩት ውል ጊዜው ገና አላለቀም፤ ተከራይም መብት አለው፣ ሕግ አለው፣ በቂ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። ስለዚህ ባንክዎ የሚጠይቀኝ፣ አላፈረስኩትም የምለውን ውል ለመጠገን ብዬ የማያከራክረውን ውል እንዳፈርስ ነው። በዚያ ላይ ሜዳ ላይ የሚወድቁት ሕፃን የያዙት ባልና ሚስት የእርስዎው ሠራተኛ ቤተሰብ ናቸው።

ስለዚህ የማልፈልገውንና የምፈልገውን በግልጽ ላስቀምጥ። ጨዋውን አላስወጣም። እናቴን ደረጃ አላስወጣም። የንግድ ወለድ አልከፍልም፤ ነጋዴ አይደለሁም፣ የምነግደውም የለኝም። የምጠይቅዎ ማስጠንቀቂያውን በጽሑፍ እንዲያነሡልኝ፣ ከጨዋው ጋር ውል ከመፈራረሜ በፊት የጠየቅኩትን ፈቃድ እንዲሰጡኝ፣ ፈቃዱን ይዤም ኢንሹራንሱን በአግባቡ እንዳስቀይር እንዲረዱኝ ነው። ይህ ካልሆነ ማህተም ያረፈባቸውን ሁለቱን ማመልከቻዎቼን፣ ብድር ክፍልዎ ራሱ የመታውን የካርታ ኮፒ፣ እንዲሁም ሻይ የጠጣውን መሐንዲስ ምስክር አድርጌ ፍርድ ቤት እቆማለሁ። ዳኛው እርስዎንም በዚያ ሳሎን ተቀምጠው ያውቁ እንደሆነ መጠየቃቸው አይቀርም፤ እስከዚያ ድረስ መልስዎን እንዲያስቡበት ጊዜ በመስጠቴ ደግነቴን ይቁጠሩልኝ።

ለትዕግሥትዎ፣ ለፊርማዎ ውበት፣ ማስጠንቀቂያውን ያለ አንዲት የፊደል ግድፈት ስለላኩልኝ፣ ለእናቴም በስተርጅና አዲስ ስፖርት ስላስጀመሩላት ምስጋናዬ ከልብ ነው። ሥራዎን ይባርክልዎ፤ ጠረጴዛዎን ያቅልልዎ፤ ደብዳቤ ሳያነቡ ከመፈረምም ይጠብቅዎ።

ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ በመንሣት የምሰናበትዎ፣ የስምንት ዓመት ታማኝ ከፋይ፣ በላይኛውና በታችኛው ፎቅ መካከል ያለ ደመወዝ ያገለገለች መልእክተኛ፣ የማንነቱ ያልታወቀው ግለሰብ አከራይ፣

የመንዳት አሠልጣኟ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ የሆነ ነገር ስላለ አይለፍብዎ። የጨዋው ሚስት፣ እኔን ከችግር ለማውጣት ብላ፣ ባሏ ሳያውቅ ሌላ ቤት መፈለግ ጀምራ ነበር። ብቻዋን ሕፃን ታቅፋ ስትንከራተት አላስችል ቢለኝ በመኪናዬ አብሬያት ሄድኩ። ያነጋገረችው ደላላ ከአንድ መናፈሻ ጀርባ ወዳለ ግራጫ በር ያለው ቆንጆ ቤት ወሰደን። ባለቤቱ የባንክ ትልቅ ሰው ነው፣ በሠራተኛ ብድር፣ ለራሱ መኖሪያ ብሎ ነው የገዛው፣ ግን አንድ ቀን አድሮበት አያውቅም፣ ከተገዛ ጀምሮ እንደተከራየ ነው እያለ አመሰገነልን። ዋጋውን ከራሳቸው ከባለቤቱ ስሙ ብሎ ደወለና ድምፁን ከፍ አደረገው። የእኔን ስልክ አንድም ቀን አንሥተው የማያውቁት እርስዎ በመጀመሪያው ጥሪ አነሡ፤ አራስ ሳለች የጠየቋት ሴት ድምፅዎን ወዲያው ለየችው። ኪራዩ በቅድሚያ ነው፣ በእጅ ነው፣ ውል ምናምን የሚባል ወረቀት አልወድም ሲሉ ሁለታችንም ሰማን፤ የጨዋው ሚስት በድንጋጤ የሕፃኗን ጆሮ ሸፈነች። ክቡር ሆይ፣ እርስዎ ያለ ባንኩ የጽሑፍ ፈቃድ ያከራያሉ ብዬ ለአፍታም አልጠረጠርኩም። ስለዚህ ፈቃዱን የጠየቁበትን ማመልከቻ አንድ ቅጂ በአክብሮት እንዲልኩልኝ እለምናለሁ፤ እንዴት ቢጻፍ መልስ እንደሚያገኝ አይቼ እኔም እንደዚያው አድርጌ እጽፋለሁ።